ሕፃኑን ሳትነግሩት አታንሡት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተነገረ፤ ላልተገኙት ነዋሪዎች በሰሌዳ የተለጠፈ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ቆርቆሮና ስለ ሲሚንቶ አይደለም። ማቆያ ቤቱ ተሠርቷል፣ ፍራሹ ተነጥፏል፣ ጨርቁም አለ። የምንነጋገረው እዚያ ስለሚውሉት ሕፃናትና ስለሚይዟቸው እጆች ነው።

እንደሚታወቀው በጭሮም ሆነ (ብዙዎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ ነው የምንለው) በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ብዙ እናቶች ቤታቸውን የሚያስተዳድሩት ጫትና አትክልት ሸጠው ነው። ገበያ ደግሞ የወሊድ ፈቃድ አይሰጥም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ ይኸ ግን ለቢሮ ሠራተኛ እንጂ ጉሊት ለምትቀመጥ እናት አልደረሰም። ታላቅ እህት ከትምህርት ቤት እየቀረች ታናሿን ስታዝል እያየን ስለተቸገርን ነው እኛው ለራሳችን የከፈትነው።

እውነቱን እንናገር። ስንከፍት ጊዜ «ልጅ ያሳደገች ሴት ምን ሥልጠና ያሻታል?» ብለን ነበር። ተሳስተናል። አምስት ልጅ ያሳደገች እናት አምስቱን ባንድ ጊዜ አላሳደገችም። ስድስት ሕፃናት አንድ ላይ ሲያለቅሱባት ትቸኩላለች፤ ከኋላ መጥታ ብድግ ታደርጋለች፣ እግሩን አንጠልጥላ ጨርቁን ትቀይራለች፣ አጥሚቱን በመዳፏ ትግታለች። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ትን ብሎት ፊቱ እስኪጠቁር ደረሰ። ፈጣሪ አተረፈልን። ጥፋቱ የኮሚቴው ነው እንጂ የሷ አይደለም።

ሌላም አለ። «ይኸ እንኳ ጨዋ ነው፣ አያለቅስም» እያልን የምናመሰግነው ልጅ ነበረን። ቆየት ብለን ስናስተውለው፣ ለካ ማልቀሱን የተወው ቢያለቅስም ሰው እንደማይመጣ ስላወቀ ኖሯል። ይኸ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዳችን አልወጣም።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። በሃንጋሪ አገር ኤሚ ፒክለር የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946፣ በቡዳፔስት ከተማ ወላጅ ላጡ ሕፃናት ቤት አቋቋሙ። ሐኪሟ ያስተማሩት፣ ማጠብ፣ ማልበስና ማብላት በጥድፊያ የሚገላገሉት ሥራ ሳይሆን ሕፃኑ ከሰው ጋር የሚተዋወቅበት ዋናው ሰዓት መሆኑን ነው። ስለዚህ ተንከባካቢዋ የምታደርገውን አስቀድማ ትነግረዋለች፣ ትጠብቀዋለች፣ እሱም ያግዛታል።

እኛም ከጤና ባለሙያ ጋር ሆነን ለሞግዚቶቻችን ሥልጠና ጀምረናል። በመጀመሪያው ቀን አንዷ ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች፤ ሌላዋ ሳትነግራት ማንኪያውን አፏ ውስጥ ከተተችው። «ኧረ ልታፍኚኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ሁላቸውም ዝም አሉ። ከዚህ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገንም።

አሁን የሚለማመዱት ይኸ ነው። ሕፃኑ ጋ ከፊት ለፊት ትሄዳለች፤ በስሙ ትጠራዋለች፤ እጇን አሳይታው «ላነሣህ ነው» ትለዋለች፤ ትንሽ ትታገሣለች። የምታናግረውም ቤቱ በለመደው ቋንቋ ነው፤ በኦሮምኛ ያደገውን «ኮቱ» ስትለው ፊቱ እንዴት እንደሚበራ መጥታችሁ እዩ! ጨርቅ ሲቀየርም እንዲሁ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ራሱ እግሩን ያነሣላታል። ምግብ ሲሆን ጭኗ ላይ ቀና አድርጋ ይዛ፣ አፉን እስኪከፍት ትጠብቃለች፤ ፊቱን ካዞረ ትተዋለች። መጋት ቀርቷል። ጡጦን በትራስ አስደግፎ መሄድም ተከልክሏል፣ ያንቃል። ስድስት ወር ላልሞላው የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ታልቦ የሚመጣው ወተት በንጹሕ ዕቃ ተከድኖ ይምጣ፣ ቤት ውስጥ ከ4 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ሲተኙ በጀርባቸው ነው።

አንዳንድ አባቶች «ይኸ ማቅበጥ ነው፣ ሕፃን ምን ያውቃል» ብላችሁናል። ልጁን የፈለገውን ሁሉ እናድርግለት አላልንም። ጨርቁ ይቀየራል፣ አፍንጫው ይጠረጋል፤ ግን ተነግሮት።

አንድ ነገር ግን እንድታውቁልን እንፈልጋለን። ሞግዚቷን «አንቺ!» እያልን እየጠራናት፣ ደመወዟን እያዘገየን፣ ልጁን ከመሸ በኋላ እየወሰድን፣ ሕፃኑን አክብሪ ልንላት አንችልም። አንዲት ሴትም ስድስት ሕፃን ይዛ መታገሥ አትችልም። ስለዚህ ኮሚቴው የሚጠይቃችሁ ለአንዲት ሞግዚት ከአራት ሕፃን በላይ እንዳይሰጣት፣ አንድ ሕፃንም በየቀኑ ከእጅ ወደ እጅ ሳይዞር ባንዷ ዘንድ እንዲቆይ ነው። ለዚህ አንድ ሠራተኛ መጨመር አለብን፤ መዋጮውም ከፍ ይላል። ካልጨመርን ደግሞ ከሕፃናቱ ጥቂቶቹን መመለስ ሊኖርብን ነው፤ የማንን እንደምንመልስ እኛ አናውቅም፣ መምረጥም አንፈልግም። በሚቀጥለው እሑድ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ።

እስከዚያው ሰኞ ጧት ልጅ የምታመጡ እናቶች የልጁን ትክክለኛ ስም ለሞግዚቷ ንገሩልን። «ማሙሽ» የሚባሉ አራት አሉብን።