የበቆሎ ቅጠል ምን ይነግረናል?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)






ማዳበሪያ የምንጨምረው ለአፈር ቢሆንም ተክሉ ምን ያህሉን እንዳገኘ የሚታየው በቅጠሉ ላይ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል። ከ2006 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ዳፕን መተካት ጀምሮ የነበረው ኤንፒኤስ ደግሞ በኩንታል 19 ኪሎ ናይትሮጅን፣ በኦክሳይድ ስሌት 38 ኪሎ ፎስፈረስ እና 7 ኪሎ ድኝ አለው። በቆሎው ፀጉር ሲያወጣ ከእሸቱ ሥር ያለው ቅጠል ተመርምሮ ናይትሮጅኑ 3 በመቶ ገደማ፣ ፎስፈረሱም ከ0.25 በመቶ በላይ ከሆነ ተክሉ በቂ ምግብ አግኝቷል ማለት ነው። ይህ ውጤት በዋናነት የሚጠቅመው ለከርሞው ዕቅድ ነው።

ቤተ ሙከራ በየቀበሌው ስለሌለ ግን ዓይናችንን እንጠቀም፦

- የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ በመሐል አጥንታቸው በኩል ቢጫ ከሆኑ የናይትሮጅን እጥረት አለ። ተክሉ ናይትሮጅኑን ከአሮጌው እየወሰደ ለአዲሱ ቅጠል ስለሚሰጥ ነው።
- የለጋ በቆሎ ቅጠል ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ካደላ የፎስፈረስ እጥረት ይጠረጠራል።
- በአዲሶቹ ቅጠሎች ግርጌ ነጣ ያለ ሰፊ መስመር ከታየ የዚንክ እጥረት ሊሆን ይችላል። ይህን ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ አይሞላውም።

ወገኖቼ፣ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉ ወይን ጠጅ ሲመስል ዩሪያ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። እንደ ምዕራብ ጎጃም ባለ ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር አሲዳማነት የተለመደ ነው፤ በአሲዳማ አፈር ደግሞ ብረትና አሉሚኒየም ፎስፈረሱን አስረው ይይዙታል። ስለዚህ ማዳበሪያው ተጨምሮም ቅጠሉ ይራባል። ብርድም ለጊዜው ይህን ቀለም ሊያመጣ ስለሚችል በአፈር ምርመራ ይረጋገጥ፤ አሲዳማ ሆኖ ከተገኘ ከዘር በፊት ኖራ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል። ዩሪያም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተከፍሎ ይሰጥ፤ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ የሚጨመረው በሽልሻሎ አፈር ይልበስ። ላዩ ላይ የቀረ ዩሪያ በንኖ ወደ አየር ይሄዳል።

ለአመራሮቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ የማዳበሪያ ፍላጎት ስንሰበስብ የኖራና የአፈር ምርመራ ፍላጎትም በዚያው መዝገብ ይያዝ። ያን ጊዜ አርሶ አደሩ በጥሪቱ የገዛው ማዳበሪያ አፈር ውስጥ ታስሮ አይቀርበትም።