ፎቶግራፍ አንሺ የሚሸጠው ምንድን ነው?
በፎቶግራፍ ሙያ ተመራቂዎች በዓል ላይ የቀረበ የምረቃ ንግግር



ዛሬ የምስክር ወረቀታቸውን ከሚቀበሉት ወጣት ባለሙያዎች አንዳንዶቹ በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ወይም በመሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ክፍል በደመወዝ ይቀጠሩ ይሆናል፤ ሌሎቹ ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት ፍሪላንስ በሚባለው መንገድ ነው። ፍሪላንስ ማለት ለአንድ አሠሪ በቋሚነት ሳይቀጠሩ፣ ከብዙ ደንበኞች ጋር በየሥራው እየተዋዋሉ፣ የመሣሪያውንም ወጪ፣ ግብሩንም፣ ኪሳራውንም ራስ ችሎ መሥራት ነው። በዚህ መንገድ ከሚሠሩት የፎቶግራፍ ዘርፎች መካከል ሁለቱ የዚህ ንግግር ጉዳይ ናቸው። አንደኛው የንግድ ፎቶግራፍ ሲሆን፣ ዕቃን፣ ምግብን፣ ሆቴልን ወይም የአንድን ድርጅት እንቅስቃሴ ለማስታወቂያና ለሽያጭ በሚያገለግል መልኩ ማንሣት ነው፤ ሁለተኛው ፖርትሬት፣ ማለትም የአንድን ሰው መልክና ጠባይ ዋና ጉዳዩ ያደረገ ፎቶግራፍ ነው። በእነዚህ ዘርፎች ገብተው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙያውን ከሚተዉት መካከል ስለ ብርሃንና ስለ ሌንስ በቂ ዕውቀት የነበራቸው ጥቂት አይደሉም፤ የጎደላቸው የሚሸጡትን ነገር ለይቶ ማወቅ ነበር።

ፎቶግራፍ አንሺ ምን ይሸጣል ተብሎ ቢጠየቅ የሚቀናው መልስ ፎቶ ይሸጣል የሚለው ነው። ጉርድ ፎቶ ለሚያነሣ ፎቶ ቤት ይህ መልስ ይበቃል፤ ደንበኛው የታተሙትን ፎቶዎች ተቀብሎ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳልና። ለቡና ላኪ ድርጅት የተነሣ ፎቶግራፍ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ ያው አንድ ምስል በማሸጊያው ላይ፣ በድረ ገጹ፣ በቦሌ መንገድ በተሰቀለ ቢልቦርድ፣ ለአዲስ ዓመት በሚታደል ካላንደር፣ ከዚያም በባሕር ማዶ አከፋፋዩ ብሮሹር ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ለደንበኛው የሚያስገኘው ጥቅምም በወጣበት ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ የንግድ ፎቶግራፍ አንሺ በእርግጥ የሚሸጠው የመጠቀም ፈቃድን ነው። በሙያው ላይሰንስ የሚባለው ይህ ፈቃድ ምስሉ በየትኞቹ መገናኛዎች፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኞቹ አገሮች፣ ለዚያ ደንበኛ ብቻ ወይስ ለሌሎችም ጭምር እንደሚያገለግል የሚወስን ስምምነት ነው። ለአንድ ዓመት ድረ ገጽ ብቻ የተፈቀደ ምስልና ለሁሉም አገልግሎት ያለ ጊዜ ገደብ የተሰጠ ምስል በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ ካሜራ የተነሡ ቢሆኑ እንኳ በአንድ ዋጋ ሊሸጡ አይገባም።

እዚህ ላይ የአገሪቱ ሕግ የሚለውን ማወቅ ግድ ይላል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍ ሥራን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል፤ ሆኖም ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ እንደሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ የመጀመሪያው የመብት ባለቤት አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው። በአሜሪካ ነገሩ በአብዛኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚያ ተቀጣሪ ያልሆነ ፎቶግራፍ አንሺ መብቱን በጽሑፍ እስካላስተላለፈ ድረስ ባለቤትነቱ ከእጁ አይወጣም። የውጭ ባለሙያዎችን ትምህርት በዩቲዩብ እየተከታተለ ያደገ ወጣት ያነሣው ሁሉ የራሱ እንደሆነ ሊያምን ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን ያለ ውል የተሠራ የታዘዘ ሥራ የደንበኛው ሆኖ ይቀራል፤ ፎቶግራፍ አንሺውም ምስሉን ለሌላ ሊሸጥ ሲሞክር ራሱ ባነሣው ፎቶ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። ሕጉ የተዋዋዮችን ስምምነት ስለሚያከብር መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ሥራው ሳይጀመር የሚፈረም፣ የምስሎቹን ብዛትና አገልግሎት፣ የመብቱን ባለቤት፣ የክፍያውን ጊዜና የስም አጠቃቀሙን የሚገልጽ የሁለት ገጽ ውል ይበቃል። ወዳጅን ውል ማስፈረም የሚያሳፍር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም ወዳጅነትን የሚያበላሸው ያልተጻፈው ነገር መሆኑ ከሠርግ አልበም ክርክር ጀምሮ የታየ ነው።

ይህ ጥያቄ የዛሬ ብቻም አይደለም። ሮበርት ካፓ፣ ኦንሪ ካርቲዬ ብሬሶን፣ ዴቪድ ሲሞርና ጆርጅ ሮጀር እ.ኤ.አ. በ1947 ማግነም የተባለውን የፎቶግራፍ አንሺዎች ኅብረት ሲመሠርቱ፣ ከዓላማዎቻቸው ዋነኛው የምስሉ መብት በመጽሔቱ እጅ ከመቅረት ይልቅ ለባለሙያው እንዲሆን ነበር። በተቃራኒው ዶሮቲያ ላንግ፣ በሳን ፍራንሲስኮ የፖርትሬት ስቱዲዮ ከፍታ የኖረች ባለሙያ ስትሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1936 ያነሣችው የስደተኛዋ እናት ፎቶግራፍ በዓለም ላይ እጅግ ከተባዙ ምስሎች አንዱ ቢሆንም፣ በመንግሥት ሠራተኝነቷ ያነሣችው ስለነበረ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ ከመባዛቱ የምታገኘው ክፍያ አልነበረም።

የዋጋ ነገር ሲነሣ ብዙ ጀማሪዎች ጎረቤታቸው የሚያስከፍለውን ጠይቀው ጥቂት ቀንሰው ይጀምራሉ፤ ይህ ዘዴ ሁለቱንም ያደኸያል። ሂሳቡ የሚጀመረው ከባለሙያው ዓመታዊ ወጪ ነው። ለምሳሌ ያህል የቤት ኪራይ፣ ቀለብ፣ ትራንስፖርት፣ የረዳት ክፍያ፣ ግብርና ለመሣሪያ መተኪያ የሚቀመጠው ገንዘብ በዓመት 600,000 ብር ቢሆንና ባለሙያው በዓመት ውስጥ 80 ቀን ብቻ የሚከፈልበት ሥራ ቢያገኝ፣ ምንም ትርፍ ሳያስብ የአንድ ቀን ሥራው ከ7,500 ብር በታች ሊወርድ አይችልም። የቀሩት ቀናት የሚያልፉት ምስል በመምረጥና በማረም፣ ደንበኛ በማነጋገር፣ ፕሮፎርማ በማስገባት፣ ያልተከፈለ ሂሳብ በማስታወስ ነውና ቀኑ ሲሠላ እነዚያም መቆጠር አለባቸው። ተቋማት ብዙውን ጊዜ ከተለያዩ ባለሙያዎች ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ሰብስበው ስለሚያወዳድሩና ደረሰኝ ስለሚጠይቁ፣ የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የሌለው ሰው የቱንም ያህል ቢበልጥ ከበር ይመለሳል። ከግለሰብ ደንበኛ ደግሞ ቀብድ ሳይቀበሉ ቀን መያዝ ሌላ ሥራን በነጻ መግፋት ነው።

ገቢው የራሱ ወቅት አለው። ከፖርትሬት ጋር አብሮ የሚሠራው ሠርግ በጥር ይበዛል፤ በዐቢይ ጾም በኦርቶዶክስ አማኞች ዘንድ ሠርግ ስለማይደረግ ሥራው ይቀዘቅዛል፤ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሣል። (በጥር ሁለት ካሜራ አንግቶ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚሮጠው ባለሙያ በመጋቢት ስልኩ ሲጮህ መደንገጡ የታወቀ ነው።) የድርጅቶች ሥራ የሚከተለው ግን ሌላ አቆጣጠር ነው፤ የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ የዓመታዊ ሪፖርት ፎቶዎች በዚያ ሰሞን ይፈለጋሉ፤ ለእንቁጣጣሽ የሚታደሉ ካላንደሮችም ከመስከረም አስቀድመው መታተም አለባቸው። ሁለቱን ዘርፎች አጣምሮ የሚሠራ ሰው የአንዱን ክረምት በሌላው በጋ ያሻግራል፤ ፖርትሬትና የንግድ ፎቶግራፍ በአንድ ሰው እጅ መገናኘታቸውም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ የፖርትሬት ጥበብ ራሱ ሰፊ ጊዜ ይገባዋል፤ በተለይም በኢትዮጵያ ዘወትር የሚያጋጥመው አንድ ችግር። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ከፊቱ ያለውን ትዕይንት በአማካይ መካከለኛ ግራጫ፣ ይኸውም በተለምዶ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን የሚመልስ እንደሆነ አድርጎ ይገምታል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችና ነጠላዋን ያጣፋች ጠይም ሴት ፊቱ ስትቆም፣ መለኪያው የልብሱን ነጭነት ወደ ግራጫ ለማውረድ ወደ ካሜራው የሚገባውን ብርሃን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ልብሱ ያማረ ይመስላል፤ ፊቷ ግን ይጨልማል፣ የዓይኗም ብርሃን ይጠፋል። የሠለጠነ ባለሙያ ብርሃኑን የሚለካው ከፊቷ ላይ ነው፤ ከዚያም ዋናውን ብርሃን፣ ማለትም ቅርጽን የሚሰጠውን አንዱን ምንጭ፣ ወደ ፊቷ አዙሮ ወደ ልብሷ የሚወርደውን በጥቁር ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ይከልላል። ብርሃን ከምንጩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ጥንካሬው ወደ አንድ አራተኛ ስለሚወርድ፣ መብራቱን ወደ ፊቷ ማስጠጋት ብቻውን በፊትና በልብስ መካከል ያለውን ልዩነት ለማስተካከል ብዙ ይረዳል።

ይህ ችግር የባለሙያው ድክመት ብቻ አይደለም፤ ቴክኖሎጂውም የራሱ ታሪክ አለው። ኮዳክ ለፎቶ ማተሚያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ሆኖ የሚያገለግል፣ ሸርሊ ካርድ የሚባል፣ የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ያለበት ካርድ ያሠራጭ ነበር፤ ለአሠርት ዓመታት የፎቶግራፍ ቀለም ትክክል የሚባለው የእርሷን ቆዳ በትክክል ሲያሳይ ነበር። ፊልሙ ጥቁር ቡናማ ቀለሞችን በዝርዝር እንዲይዝ የተሻሻለውም በከፊል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታቸው በፎቶ ተለይቶ አይታይም ብለው ባቀረቡት ቅሬታ መሆኑ ይነገራል። ዛሬ ካሜራዎቹ ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን በአንዳንድ የሠርግ አልበሞች ላይ የሙሽራይቱን ቆዳ በፎቶሾፕ ማንጣት እንደ ውበት ሥራ መቆጠሩ አልቀረም። ይህን ልማድ የደንበኛ ፍላጎት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ሆኖም ፖርትሬት የአንድ ሰው መልክ ምስክር ከሆነ፣ የእናቷን መልክ ከሙሽራይቱ ፊት ላይ የሚያጠፋ እርማት የሙያ ጥፋት ነው።

የንግድ ፎቶግራፍ ቴክኒክ በሥራ ላይ ስለሚዳብር እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ዶሮ ወጥ ከፊት ለፊት በፍላሽ ሲነሣ ጠፍጣፋና ጥቁር ይሆናል፤ ብርሃኑ ከኋላና ከጎን ሲመጣ ግን የቅባቱ ወዝ ያበራል፣ እንፋሎቱም ይታያል።

የሰውን ፊት የሚያነሣ ባለሙያ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ሕግ አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ የሰውየው ዝነኛነት ወይም የያዘው የሕዝብ ሥራ፣ የፍትሕ ጉዳይ፣ ሳይንሳዊና ባህላዊ ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተደረጉ ድርጊቶች ፈቃድ የማያስፈልጋቸው እንደሆኑ ይገልጻል። የሙሽሮችን ፎቶ አሳምሮ በመስታወት ውስጥ መስቀል የፎቶ ቤቶች የቆየ ልማድ ነው፤ ዛሬ መስታወቱ የቴሌግራምና የኢንስታግራም ገጽ ሆኗል፤ የሚያየው ሰው ሲበዛ ሕጉ አልተለወጠም። በጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ለባለሙያውም ጋሻ ነው፤ በተለይ ምስሉ ለማስታወቂያ ሲፈለግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕፃናት በሚነሡበት ጊዜ።

የካሜራ ዋጋ ውድነት ብዙዎችን ያስፈራል። ፎቶግራፍ አንሺው ግርማ በርታ እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስ ኢንስታግራም ሽልማትን ያገኘው የአዲስ አበባን ሰዎች በስልክ እያነሣ ባዘጋጀው ሥራ መሆኑ ለዚህ መልስ ይሆናል። ትሑት ጅማሬም አያሳፍርም፤ ሪቻርድ አቬዶን በፋሽንና በፖርትሬት ስሙ ከመግነኑ በፊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከበኞችን የመታወቂያ ፎቶ ያነሣ ነበር። በአገር ውስጥም ፎቶግራፍ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው፣ አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለወጣቶች ሥራቸውን የሚያሳዩበት መድረክ ከፍቷል።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ሙያ የሚያስተምረው ግን የማሊው ሴይዱ ኬይታ ታሪክ ነው። ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 በባማኮ ስቱዲዮ ከፍቶ፣ በግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን፣ በትልቅ ካሜራ፣ የአልጋ ልብስን መጋረጃ አድርጎ፣ ከፍለው ፎቶ ለሚነሡ ደንበኞች ሠራ፤ ሰዓትና ሱፍ ልብስ የሌላቸውን ከራሱ ያውሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 የመንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ እስኪሆን ድረስ ያነሣቸውን ኔጋቲቮች ጠብቆ አቆየ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጥቂቶቹ ኒው ዮርክ ላይ ሲታዩ የአንሺው ስም አልታወቀም ነበር፤ በ1994 ፓሪስ ላይ በስሙ ትልቅ ኤግዚቢሽን ተዘጋጀለት። ኔጋቲቮቹን ጥሎ ቢሆን ኖሮ የሚገኝ ነገር ባልነበረ። የዛሬው ኔጋቲቭ ጥሬ ፋይሉ ነው፤ እርሱም ቢያንስ በሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከቤት ውጭ ሆኖ፣ የተነሺው ስምና ቀኑ ተጽፎበት ካልተቀመጠ አንድ የተበላሸ ሃርድ ዲስክ የአሥር ዓመት ሥራ ይወስዳል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመራቂዎቹንም የሕግ አውጪዎችንም የሚመለከት ጉዳይ አለ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሠዓሊን ወይም የደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ሲጠብቅ፣ የፎቶግራፍን መብት የሚጠብቀው ሥራው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ብቻ ነው። በዚህ ስሌት በ2018 ዓ.ም. የተነሣ ፎቶግራፍ ጥበቃው በ2043 ዓ.ም. ያበቃል፤ ዛሬ በ24 ዓመቱ ያነሣው ባለሙያ በ49 ዓመቱ፣ ገና በሥራ ላይ እያለ፣ መብቱን ያጣል ማለት ነው። የኬይታ ሥራዎች የዓለምን ትኩረት ያገኙት ከተነሡ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ ገደብ በእርሱ ላይ ቢሠራ ኖሮ ገዢዎች ሲመጡ የሚሸጠው መብት አይኖረውም ነበር። የፎቶግራፍ ባለሙያዎች ይህን ልዩነት ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንና ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በማኅበር ተደራጅተው ማቅረብ ይችላሉ፤ ለዚህም የሚያስፈልጋቸው ማስረጃ፣ ማን መቼ ምን እንዳነሣና ማን እንዳዘዘው የሚያሳይ የውልና የፋይል መዝገብ፣ ከመጀመሪያው ሥራቸው ጀምሮ በራሳቸው እጅ ሊሰበሰብ የሚችል ነው።