የወጥ ቤት ንጽሕና የማን ዕዳ ነው?



ከወረታ ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ ነፋስ መውጫ ላይ ወርዶ ሽሮ በእንጀራ ይበላል። በስማዳ ወገዳና በእስቴ መካነ ኢየሱስም ገበያተኛውን የሚያበሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ናቸው። ሰው ሲታመም ግን ጣታችንን የምንቀስረው በወጥ ቤቷ ሠራተኛ ላይ ነው።

እስቲ ነገሩን እንመርምረው። ተቅማጥና ታይፎይድ ከመጸዳጃ ቤት ተመልሶ ባልታጠበ እጅ ይተላለፋሉ። መከላከያው እጅን በሳሙና፣ ሳሙና ቢጠፋም በአመድ፣ 20 ሴኮንድ አሽቶ በሚፈስ ውሃ መታጠብ፤ ጥሬ ሥጋ የቆረጠውን ቢላዋ ሳያጥቡ ሰላጣ አለመክተፍ፤ ያደረውን ወጥ እስኪንተከተክ ማሞቅ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ስለምትበልጥ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህም ተሐዋስያንን ለመግደል ይበቃል፤ ሥጋ ግን ከቆላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መብሰል አለበት።

ይህን ሁሉ ሠራተኛዋ ብታውቀውስ? ውሃው በጀሪካን የሚገዛ ሲሆን ለእጅ መታጠቢያ አፍስሺ የሚላት ማነው? ተቅማጥ የያዛት ሴት፣ ሕመሙ ከቆመ በኋላ እንኳ 2 ቀን ከምግብ መራቅ ይገባታል፤ ደመወዟ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ሕመሟን ትደብቃለች። ስለዚህ ንጽሕናን የሚጠይቅ ባለቤት አስቀድሞ ውሃ፣ ሳሙናና የሕመም ዕረፍት ይስጥ።

በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ወደ ሕዝቡ ልኮ ያሠለጥን ነበር። እኛም በክረምቱ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስንገባ፣ «የእጅ ውሃ አለ ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄውም ለባለቤቱ ይሁን እንጂ ለሠራተኛዋ አይሁን።