ትዝታ፤ የአንድ ዜማ ብዙ መልክ

(ለማኅበሩ አባላት በንፋስ ስልክ ላፍቶ የተደረገ ንግግር)



ይህ ስብሰባ የሚደረግበት ሰፈር ስሙ ንፋስ ስልክ ነው። ስሙ ያለ ሽቦ በአየር የሚጓዝን ድምፅ ያስታውሳል። በአየር ሞገድ ከቤት ወደ ቤት ሲመላለሱ ከኖሩት ዜማዎች አንዱን፣ ትዝታን፣ በመሐንዲስ ዐይን መመልከት የዛሬው ንግግር ዓላማ ነው።

ትዝታ የሚለው ቃል ሦስት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛ ያለፈውን ማስታወስን፤ ሁለተኛ በዚሁ ስም የሚታወቀውን ዘፈን፤ ሦስተኛ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቈጠረውን ቅኝት። ዘፈኑ የአንድ ደራሲ ንብረት አይደለም። ዘፋኙ ከሕዝብ የወረሰውን ዜማ ይይዛል፤ ስንኙን ግን ከራሱ ናፍቆት ጋር ያስማማል።

ቅኝቱም ቢሆን ሁለት መልክ አለው። ሙሉው ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ በሚባሉት አምስት ድምፆች ይቆማል። ከእነዚህ ሚና ላ በግማሽ እርከን ዝቅ ሲሉ ግማሽ ትዝታ ይገኛል። ክራር መቺው ይህን የሚያደርገው ክሮቹን በጥቂቱ በማላላት ነው። ለውጡ እጅግ ትንሽ ነው፤ የአድማጩ ስሜት ግን ፈጽሞ ይለወጣል።

ከዘፋኝ ወደ ዘፋኝም ልዩነቱ ሰፊ ነው። አስናቀች ወርቁ በክራር፣ ማሕሙድ አሕመድ በባንድ ታጅቦ፣ በዛወርቅ አስፋው በረጅም እንጉርጉሮ ተጫውተውታል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1960ዎቹ ዓ.ም. ያለ ግጥም በመሣሪያ ብቻ አሰማው። በዚያው ዘመን ጌታቸው ካሣ አንዱን ዘፈን በዝግታና በፍጥነት፣ በሁለት ዐይነት አስቀረጸው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የ«ኢትዮፒክስ» 10ኛ ቅጽም ትዝታ የሚል ርእስ ይዞ ይህን ብዝኀነት ለውጭው ዓለም አስተዋወቀ።

እንግዲህ ትክክለኛው ትዝታ የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ መጠየቅ የመሐንዲስ ልማድ ነው። ብሎንና ዳዶ አንድ መለኪያ ከሌላቸው አይገጥሙም። ዜማ ግን ብሎን አይደለም። አንዱን መልክ ደረጃ አድርጎ ሌላውን ስሕተት ማለት ዛፉን ለማስተካከል ቅርንጫፉን ሁሉ መቍረጥ ነው።

ይህ ሥጋት በሐሳብ ብቻ የቀረ አይደለም። ዛሬ በሰርግ ድንኳንና በምሽት ቤት የሚሰማው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ አንዱን ስምንዮሽ በ12 እኩል እርከን ይከፍላል። ዶ በሰኮንድ 264 ጊዜ ቢርገበገብ፣ በ5 ለ4 ንጽጽር የሚገኘው ሚ 330 ጊዜ ይርገበገባል፤ በዚህ እኩል ክፍፍል ግን 332.6 ይሆናል። ክራር መቺው ከሁለቱም ቍጥሮች በአንዱ አይታሰርም፤ ክሩን የሚያጠብቀው ጆሮው እስኪረካ ድረስ ነው። ማሲንቆ መቺውም በአንዲት ጭራ ላይ ጣቱን ወደ ወደደው ቦታ ያንሸራትታል። ኪቦርዱ ብቻውን ሲነግሥ እነዚህ ጥቃቅን ልዩነቶች ማንም ሳይሽራቸው ይሻራሉ። ከኪቦርድ ጋር ብቻ ያደገ ልጅም የአያቱ ክራር የተበላሸ ይመስለዋል።

መፍትሔው መሣሪያውን መጣል አይደለም፤ ይህ አይቻልም፤ አያስፈልግምም። የድግግሞሽ መለኪያ ዛሬ በዘመናዊ የእጅ ስልክ ላይ በሚጫን መተግበሪያ ይገኛል። የማኅበሩ አባላት በየሰፈራቸውና በየትውልድ አገራቸው የሚያውቋቸውን አዛውንት ክራር መቺዎች ቢጎበኙ፣ ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ከዘፈኑ በፊት የእያንዳንዱን ክር ድምፅ ለየብቻው ቢቀርጹ፣ የመቺውን አገርና ቅኝቱን የተማረበትን ሁኔታ ቢመዘግቡ፣ ነገ የሚመጣው ተማሪ የሚያነጻጽረው ነገር ያገኛል። ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላና ትዕግሥት ብቻ ነው።

አዛውንቱ ካለፉ በኋላ ግን ክሩን ማንም በዚያው ልክ አያጠብቀውም። ያን ጊዜ ትዝታ ራሱ ትዝታ ሆኖ ይቀራል።