የብሩሽ ፈለግ በአበባ ጨርቅ ላይ

(በሥዕል ማኅበር ስም የተደረገ ንግግር)



ለበዓሉ አዳራሽ በተገዛው አቡጀዲ ላይ አደይ አበባ ሥለን መጋረጃ እንድናደርግ ለማኅበራችን አደራ ተሰጥቶናል። ከእናንተ መካከል ግን ብዙዎች ሙከራውን አይታችሁ፥ «የብሩሹ ጭረት ይታያል፤ እንደ ሱቅ ቺት ጥርት ይበል» ብላችኋል። እኛ ጭረቱ እንዲጠፋ አንፈልግም፤ ምክንያታችንንም እነሆ እናቀርባለን።

በፋብሪካ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ወንፊት መሳይ ማተሚያ ይዘጋጃል። ሠዓሊ በአንድ የብሩሽ ምት ከደማቅ ቀይ እስከ ፈዛዛ ሮዝ ያወጣል። ይህን ሁሉ ለማተም ብዙ ወንፊት ያስፈልጋል፤ ወንፊቱ በበዛ ቍጥርም ወጪው ይበዛል። ስለዚህ ባለ ፋብሪካው የአበባውን ቅጠል በአንድ ቀለም ደፍኖ ይገላገላል። እንግዲህ እኛ ጥራት የምንለው ብዙ ጊዜ ቍጠባ ነው!

ይህን ልማድ ካልተቀበሉት መካከል ሁለት እንግሊዛውያት እኅትማማቾች፥ ሱዛን ኮሊየርና ሣራ ካምቤል ይገኛሉ። ሱዛን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ሥራዋን ሊበርቲ ለተባለው የለንደን መደብር መሸጥ ጀመረች፤ በኋላም ከታናሽ እኅቷ ጋራ ሠራች። አበቦቻቸውን በወረቀት ላይ በብሩሽ ይሥሉ ነበር፤ የእጁም ፈለግ በታተመው ጨርቅ ላይ እንዳይጠፋ እጅግ ይጠነቀቁ ነበር። ደግሞም ንድፉ ራሱን የሚደግምበትን ስፍራ ዓይን በቶሎ እንዳያገኘው ይሰውሩታል። ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ከማቲስ የቀለም አጣጣል ብዙ ተምረዋል። በ1984 በልዑል ፊሊፕ የተመሠረተውን የዲዛይን ሽልማት ተቀበሉ። (ጨርቃቸው በየቤቱ ለአልጋና ለመጋረጃ የሚውል እንጂ ለመኳንንት ብቻ የተሠራ አልነበረም።) ሱዛን በ2011 ዐርፋለች።

እኛ ያለን ቢጫ፥ አረንጓዴና ጥቂት ቡናማ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ደረቅ ብሩሽ ያለ ተጨማሪ ቀለም ይረዳናል። ቀለሙን አራግፈን ብሩሹን ስንስበው፥ በጠጕሮቹ ጭረት መካከል የአቡጀዲው ነጭ ብቅ ይላል፤ አንዱም ቢጫ ሁለት ሦስት ሆኖ ይታያል። ቢጫው ሳይደርቅ ቡናማው ጥቂት ሲነካው ደግሞ የአበባው እንብርት ሞቅ ይላል። ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ ለሚመለከት ሰው ያ ጭረት ነፋስ የነካው መስክ ይመስለዋል። በካርቶን ቈርጠን ብናትመው ግን ሁሉም አበባ አንድ መልክ ይኖረዋል፤ በመስከረም ሜዳ ወጥቶ ያየ ሰው ይህን አይቀበለንም።

ሃያ እጅ ሲሥል መጋረጃው ዝብርቅርቅ ይላል የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለበት። ስለዚህ ቀለሙን አንድ ሰው ብቻ ይበጠብጣል፤ አበባውም ከመዳፍ አይበልጥም፤ የቀረው ለየእጁ ይተዋል።

ሦስት መጋረጃ ገና ነጭ ነው፤ ቢበላሽም ሌላ አቡጀዲ መግዣ የለንም። ሁለቱ ሙከራዎች ከመድረኩ ግራና ቀኝ ተሰቅለዋል፤ ከኋላ ረድፍ ሆናችሁ እዩአቸውና ድምፃችሁን ስጡ።