ከአንድ ነጥብ በስተጀርባ፦ መስተጋብራዊ ግራፍና የእግር ኳስ ዘገባ



ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሶ ከወቅቱ ሻምፒዮን ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየ። በምድቡ ሰንጠረዥ ላይ ይህ አንድ ነጥብ ብቻ ነው። በጣት ሲነኩት ደቂቃ በደቂቃ የሚገለጥ መስተጋብራዊ ግራፍ ግን ሳላዲን ሰዒድ ያመከነውን ፍጹም ቅጣት ምት፣ የግብ ጠባቂውን የጀማል ጣሰውን ቀይ ካርድ፣ ከዚያም በ10 ተጫዋቾች የተገኘችውን የአዳነ ግርማን ግብ በቅደም ተከተል ያሳያል። አንባቢው የውጤቱን ምክንያት ራሱ ይመረምራል።

ሆኖም በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ኔትወርክ ሲደክም ግራፉ ባዶ ገጽ ይሆናል። ስለዚህ አደራ የምላችሁ፣ ከግራፉ በፊት ታሪኩን በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ግራፉ ያልተከፈተለትም ሰው አንባቢያችን ነው።