ዋስ የሌለው ልጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ከአንዲት ወረቀት የተነሣ ነው። ወረቀቷም የዋስትና ወረቀት ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ወጣት ቀርቦ መስቀል ተሳለመና ወረቀት ዘረጋልኝ። በመጋዘን ዕቃ የመመዝገብ ሥራ አግኝቶአል፤ ቀጣሪው ግን ዋስ አምጣ ብሎታል። እኔም እንደ አገራችን ልማድ «የማን ልጅ ነህ?» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፥ በእጓለ ማውታ ማሳደጊያ ያደገ መሆኑን፥ 18 ዓመት ሲሞላውም ከዚያ መውጣቱን ነገረኝ። «እንግዲያው ከአሳደጉህ ሰዎች ደብዳቤ ይዘህ ና» ብዬ አሰናበትሁት። ተመልሶ አልመጣም።

ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በዲቁና ሳገለግል፥ ከዚያችው ማሳደጊያ ሕፃናት ለጥምቀት መጥተው ክርስትና የሚያነሣላቸው ሰው ቢጠፋ፥ በአንድ ቀን ለአራት ወንዶች ልጆች የክርስትና አባት ሆኜ ቆሜ ነበር። ሰይጣንን ክጄላቸዋለሁ፤ ማተብ ታስሮላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልጠየቅኋቸውም። ስማቸውን አልያዝሁም። ያ ወጣት ከአራቱ አንዱ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም። በእግዚአብሔር ፊት አባት የሆንሁለትን ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ብዬ ጠይቄው እንደ ሆነስ?

ዋስ መሆን በቅዱሳት መጻሕፍት ታላቅ ነገር ነው። ይሁዳ አስቀድሞ ወንድሙን ዮሴፍን ለመሸጥ ምክር ያቀረበ ሰው ነበር። በኋላ ግን ለብንያም በአባቱ ፊት ዋስ ሆነ፤ በግብፅም ብንያም በተያዘ ጊዜ በእርሱ ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን ብሎ ቆመ። ያዕቆብ ልጁን የሰጠው ስንቅ ስላለቀ ብቻ አይደለም፤ በሕይወቱ የሚዋስ ሰው ስላገኘ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለፊልሞና ሲጽፍ፥ አናሲሞስን በእስራቱ የወለደው ልጁ መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፥ ዕዳ ቢኖርበት በእኔ ላይ ቁጠረው፥ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ፈረመ። ሐዋርያው ደብዳቤ ይዘህ ና አላለም፤ ደብዳቤውን ራሱ ጻፈ።

በማሳደጊያ ያደገ ልጅ ምን ይጎድለዋል? ብዙዎቻችን እንጀራና ልብስ ይመስለናል፤ ስለዚህ በበዓል ቀን ዳቦና ብስኩት ይዘን እንሄዳለን፤ ፎቶግራፍም ተነሥተን እንመለሳለን። (ፎቶግራፉስ ለማን ነው?) የልጁ መከራ ግን የሚበረታው በ18 ዓመቱ ማግሥት ነው። ቤት ሲከራይ አከራይዋ ዘመድህን ጥራ ትለዋለች። ሲታመም ማን ይጠራ ይባላል። ሚስት ሊያገባ ሲያስብ ሽማግሌ የሚልክለት የለም። በሕግ አካለ መጠን አድርሶአል፤ የእኛ ልጆች ግን በዚያ ዕድሜ ገና በእናታቸው ቤት ይበላሉ፤ ሥራ ቢፈቱም ወደ እርስዋ ይመለሳሉ።

እኔ የቆሎ ተማሪ ነበርሁ። በአኩፋዳ ቁራሽ ለምኜ፥ ከውሻ ጋር ታግዬ ተምሬአለሁ። ነገር ግን የኔታ በስሜ ይጠሩኝ ነበር፤ ከጉባኤ የቀረሁ እንደ ሆነ ያስፈልጉኝ ነበር። ረኀቡን ረስቼዋለሁ፤ መፈለጌን ግን አልረሳሁትም።

አባቶቻችን ይህን አስቀድመው ዐውቀውታል። በዲድስቅልያ፥ ልጅ የሌለው ክርስቲያን እጓለ ማውታውን ልጁ አድርጎ እንዲወስድ ታዝዞአል። ኤጲስ ቆጶሳቱም ልጁን ሙያ እንዲያስተምሩት፥ ሙያውን ባወቀ ጊዜም የሙያውን መሣሪያ ገዝቶ ራሱን የሚችልበትን ርዳታ እንዲሰጡት ተነግሮአቸዋል። ልብ በሉ፤ ሥርዓቱ ልጁን አሳድጎ በደጅ አላቆመውም፤ መጋዙንና መዶሻውን እስኪይዝ ድረስ ተከትሎታል።

በሩማንያ፥ ሕዝብዋ በብዛት ኦርቶዶክሳዊ በሆነች አገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. የተጀመረ አንድ ጥናት አለ። በማሳደጊያ ከነበሩ 136 ሕፃናት እኩሌቶቹ በዕጣ ተለይተው ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ተሰጡ። ወደ ቤተሰብ የሄዱት በአእምሮም በፍቅርም ተሻሉ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የሄዱት ደግሞ ይበልጥ። በማሳደጊያውም ምግብና ሞግዚት ነበረ፤ ያልነበረው የእኔ ነው የሚል አንድ ሰው ነው።

በአገራችንም ምስክር አለን። ወይዘሮ አበበች ጎበና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ወደ ወሎ በወረዱ ጊዜ ድርቅ ነበረ። በእጃቸው የነበረውን ዳቦና ጸበል አካፍለው፥ ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸውና ዘመዶቻቸው ስላልወደዱት ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ እናት ተብለው ኖሩ። ስለ ልጅ ዋስ መሆን ትዳርንና ቤትን እንኳ ሊያስከፍል ይችላል።

ከሁላችን ያን ያህል አይጠየቅም። በጥር 2010 ዓ.ም. ልጆቻችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ በሕግ ተከልክሎአል። እንግዲህ ሸክሙ በእኛ ላይ ነው። የሚችል በሕግ ሥርዓት ልጅ ይውሰድ፤ ነገር ግን ልጅ ነው ብሎ ወስዶ ውኃ ቀጂና ከብት ጠባቂ የሚያደርግ ሰው ባይወስድ ይሻለው ነበር። መውሰድ የማይችል በየጽዋ ማኅበሩ፥ በማሳደጊያው ፈቃድ፥ አንድ ልጅ በስሙ ይያዝ፤ ልጁ ከመውጣቱ ሁለትና ሦስት ዓመት አስቀድሞ ይተዋወቀው። በወጣም ጊዜ ለቤት ኪራዩ የመጀመሪያውን ወር፥ ለሙያውም መሣሪያውን ማኅበሩ ያዋጣ። ለፋሲካ የሚፈስክበት ቤት ይኑረው፤ ቢጣላ የሚገሥጸው፥ ቢታሰር የሚጠይቀው ይኑር። በደብራችን የክርስትና አባቶችና እናቶች ስም ከልጆቹ ስም ጋር በመዝገብ እንዲጻፍ ጀምረናል፤ በየዓመቱም በጥምቀት ሰሞን መዝገቡን እያነበብን፥ ልጅህ እንዴት ነው? ብለን እንጠይቃለን። መጀመሪያ የተጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከአራቱ ሁለቱን አግኝቼአለሁ።

ያ የመጋዘን ሥራ የቀረበት ወጣት ይህን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፥ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው በደጀ ሰላም እቀመጣለሁ። ወረቀቱን ይዞ ይምጣ፤ እፈርማለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።